«ቼክ»፦ ከፋርስ ንጉሥ እስከ ባንክ ወረቀት

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያውቃቸው ቃላት አንዱ «ቼክ» ነው፤ ለዓመታት ሲጠቀምበት ከኖረ በኋላም ሙሉ ትርጉሙ ላይጨበጥለት ይችላል። ባንክ ውስጥ ቼክ የገንዘብ ማዘዣ ወረቀት ነው። አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤት ገብቶ ቼክ ሲል ደግሞ የበላበትን ሂሳብ መጠየቁ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣው ቼክ ይደረጋል፣ ራሱም ቼክ ኢን ያደርጋል፤ ሐኪም ቤት ቼክ አፕ ይታዘዝለታል፤ ልብስ ሲገዛ በካሬ በካሬ የተከፋፈለውን ጨርቅ ሻጩ ቼክ ይለዋል፤ ቼዝ ሲጫወት ንጉሡ ጥቃት ሲነጣጠርበት «ቼክ» ይባላል። ጋዜጣ ሲያነብ ደግሞ መንግሥት የዋጋ ንረቱን ቼክ አደረገ የሚል ዓረፍተ ነገር ያጋጥመውና መረመረው ማለት ይመስለዋል፤ ጸሐፊው ግን ገታው ማለቱ ነበር።

እነዚህ ሁሉ ድምፃቸው በአጋጣሚ የተመሳሰለ ልዩ ልዩ ቃላት አይደሉም። አንድ ቃል ናቸው፤ ምንጩም የፋርስ ነገሥታት ማዕረግ የሆነው «ሻህ» ነው። ቃሉ ከቤተ መንግሥት ወደ መጫወቻ ገበታ፣ ከገበታው ወደ ግምጃ ቤት፣ ከግምጃ ቤቱ ወደ ባንክና ወደ ባቡር ጣቢያ እየተሸጋገረ በየደረሰበት አዲስ ትርጉም ሲጨምር አሮጌውን አልጣለም። ዛሬ ግር የሚለንም በተለያየ ዘመን የተወለዱት ትርጉሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ ስለሆኑ ነው።

የቼዝ አባት የሆነው ጨዋታ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በሕንድ የታወቀው ቻቱራንጋ ነው። ስሙ ባለ አራት ክፍል እንደ ማለት ሲሆን የሚያመለክተውም አራቱን የጦር ክፍሎች፣ እግረኛውን፣ ፈረሰኛውን፣ ዝሆኑንና ሠረገላውን ነው። ፋርሶች ጨዋታውን ተቀብለው ቻትራንግ አሉት። አረቦች በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፋርስን ሲይዙ ጨዋታውንም ወረሱ፤ በአረብኛ «ቸ» እና «ገ» የሚባሉ ድምፆች ስላልነበሩ ግን ስሙን ሸጥረንጅ ብለው አስተካከሉት። የእኛው ሰንጠረዥም ከዚሁ ከአረብኛው ስም የመጣ ነው። ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1805 እ.ኤ.አ. ወደ ትግራይ በመጣበት ጊዜ ራስ ወልደ ሥላሴ ለዚህ ጨዋታ የነበራቸውን ፍቅር ጽፎ አቆይቶናል። የአገራችን ሰንጠረዥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ጠባይ ነበረው፤ ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ተራ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ይህ መክፈቻ ወረራ ይባል ነበር።

ወደ ቃላችን እንመለስ። በጨዋታው ትልቁ ጠጠር ንጉሡ፣ ማለትም ሻህ፣ ነው። የተቃራኒው ንጉሥ ሊጠቃ በሚችልበት መስመር ላይ ሲውል ዝም ብሎ መምታት እንደ ነውር ስለሚቆጠር አጥቂው «ሻህ!» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ንጉሥህን ጠብቅ ማለቱ ነው። ንጉሡ መውጫ ሲያጣ ደግሞ «ሻህ ማት» ይባላል። ይህን ሐረግ ብዙ ሰው በአረብኛ ፈትቶ «ንጉሡ ሞተ» ይለዋል፤ ማተ በአረብኛ ሞተ ማለት ስለሆነ ፍቺው በቀላሉ ይያዛል። በፋርስኛ ግን «ማት» የሚያደርገው ጠፍቶት ደንግጦ የቀረ፣ መላ ያጣ ማለት ነው። በቼዝ ንጉሥ ተበልቶ ከገበታው አይነሳም፤ ጨዋታው የሚያበቃው ንጉሡ በቆመበት መውጫ ሲያጣ ስለሆነ ለእኔ የፋርሱ ፍቺ የበለጠ ልክ ይመስለኛል። የሚገርመው ግን ቃሉን ለዓለም ያወረሱት ኢራናውያን ራሳቸው ዛሬ ንጉሡን ሲያስጠነቅቁ የሚሉት «ኪሽ» ነው።

ጨዋታው በስፔንና በሲሲሊ በኩል ወደ አውሮፓ ሲገባ ሻህ የሚለው ቃል በአንደበታቸው ተለወጠ። መጨረሻው ላይ ያለው «ህ» በላቲን ወደ «ክ» ተጠግቶ ስካከስ ሆነ፤ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ኤስቼክ ተባለ፤ ብዙ ቁጥሩም ኤስቼስ ነበር። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ በገፍ ሲገቡ ይህም ቃል ከነጠላና ከብዙ ቁጥሩ ጋር ገባ። እንግሊዞች የፊተኛውን «ኤስ» ጣሉና ነጠላውን ቼክ፣ ብዙውን ቼስ አሉት። እኛ በተለምዶ ቼዝ የምንለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ስምና በጨዋታው ውስጥ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ የአንድ ቃል ሁለት መልኮች ናቸው። ፈረንሳዮች ግን ሌላ አቅጣጫ ያዙ፤ ነጠላው ቃል ዛሬ በእነሱ ዘንድ ውድቀት ማለት ሆኗል፤ በፈተና የወደቀ ተማሪም፣ የከሰረ ነጋዴም፣ የፈረሰ ድርድርም በዚሁ ቃል ይገለጻል።

በእንግሊዝኛ ቃሉ ከገበታው የወጣው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ንጉሡ ቼክ የተባለበት ተጫዋች ምንም ያህል ጥሩ ዕቅድ ቢኖረው አቋርጦ መጀመሪያ ንጉሡን ማዳን አለበት፤ ሌላ ጠጠር ማንቀሳቀስ የሚችለው አደጋውን የሚያስወግድ ከሆነ ብቻ ነው። ከዚህ ሁኔታ ተነስቶ ቼክ በድንገት መቆምን፣ መገታትን፣ ከጀመሩት መንገድ መመለስን ሁሉ የሚገልጽ ስም ሆነ፤ ቀጥሎም መግታት፣ ማገድ፣ ልጓም መያዝ የሚል ግሥ ወጣው። መመርመር የሚለው ትርጉም የመጣው ከዚህ ብዙ ቆይቶ ነው። ይህን ቅደም ተከተል መያዝ ይጠቅማል፤ ዛሬ ዋና የሚመስለን ትርጉም በቃሉ ታሪክ ውስጥ ታናሽ ነው።

ከመግታት ወደ መመርመር ቃሉ እንዴት ተሻገረ? መልሱ ያለው በእንግሊዝ ነገሥታት ግምጃ ቤት ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚስበኝም ይህ የታሪኩ ክፍል ነው። የቼዝ ገበታ በላቲን ስካካሪየም፣ በኖርማኖቹ ፈረንሳይኛ ኤስቼኪየ ይባል ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን የንጉሡ የሂሳብ ሸንጎ ይህን ስም ያዘ፤ በኋላም በእንግሊዝኛ ኤክስቼከር ተባለ። የእንግሊዝ የገንዘብ ሚኒስትር እስከ ዛሬ የሚጠራው ቻንስለር ኦፍ ዘ ኤክስቼከር ተብሎ ነው፤ ቃል በቃል ከተፈታ የቼዝ ገበታው ሹም እንደ ማለት ነው።

ስሙ ከየት እንደመጣ በ1170ዎቹ መጨረሻ የንጉሡ ግምጃ ቤት ኃላፊ የነበረው ሪቻርድ ፊትዝኒል ጽፎልናል። ሸንጎው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ርዝመቱ አሥር ጫማ፣ ወርዱ አምስት ጫማ፣ ማለትም በግምት 3 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ነበር፤ በላዩ ያለው እንዳይንከባለል ዙሪያው አራት ጣት ከፍታ ያለው ጠርዝ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ መስመር የተሰመረበት ጥቁር ጨርቅ ይነጠፋል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፋሲካና በመስከረም መጨረሻ በሚውለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ሸሪፍ የሚባሉት የየአውራጃው ሹሞች ቀርበው ለንጉሡ የሰበሰቡትን ግብር ያወራርዳሉ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ቁጥር የሚጻፈው በሮማውያን ፊደል ስለነበረ በወረቀት ላይ መደመርና መቀነስ አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሂሳቡ የሚሠራው በጨርቁ ላይ ነው። ከቀኝ ሲጀመር የመጀመሪያው ዓምድ የፔኒ፣ ሁለተኛው የሺሊንግ፣ ሦስተኛው የፓውንድ፣ አራተኛው የሃያ ፓውንድ፣ ከዚያ የመቶና የሺህ ነው። አንድ ሸሪፍ 66 ፓውንድ ከ8 ሺሊንግ ዕዳ አለበት እንበል። ሂሳብ ሠሪው በሃያዎቹ ዓምድ ሦስት፣ በፓውንዱ ስድስት፣ በሺሊንጉ ስምንት መቁጠሪያ ይደረድራል። ሸሪፉ 45 ፓውንድ ከ8 ሺሊንግ ከፍሎ ከሆነ ከዕዳው በታች በሃያዎቹ ሁለት፣ በፓውንዱ አምስት፣ በሺሊንጉ ስምንት ይቀመጣል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ እየተነሣ ሲሄድ በሃያዎቹ አንድ፣ በፓውንዱም አንድ መቁጠሪያ ይተርፋል፤ ቀሪ ዕዳው 21 ፓውንድ መሆኑን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በዓይኑ ያየዋል። ፊትዝኒል ስሙ የመጣው ገበታው የቼዝ ገበታ ስለሚመስል ነው ካለ በኋላ፣ ቼዝ በሁለት ወገን የሚደረግ ፍልሚያ እንደሆነ ሁሉ እዚህም ፍልሚያው በግምጃ ቤቱ ሹምና በሸሪፉ መካከል ነው ይላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

እዚህ ላይ ከአማርኛችን ጋር የሚገጥም ነገር አለ። እኛም የጨዋታውን ስም ወስደን በዓምድና በረድፍ ለተደረደረ መረጃ ሁሉ አውለነዋል፤ የበጀት ሰንጠረዥ፣ የእግር ኳስ ሊግ የደረጃ ሰንጠረዥ፣ በኬሚስትሪ መጽሐፍ ያለው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ። እንግሊዞች ከንጉሡ ስም፣ እኛ ከጨዋታው ስም ተነስተን፣ አንዱ የሌላውን ሳይቀዳ፣ ሁለታችንም ከመጫወቻ ገበታ ወደ ሂሳብ ገበታ ደርሰናል።

ለከፈለው ገንዘብ ሸሪፉ የሚቀበለው ደረሰኝ ታሊ የሚባል እንጨት ነበር። የገንዘቡ መጠን በእንጨቱ ላይ በሚቆረጥ ምልክት ይመዘገባል፤ ለሺህ ፓውንድ የመዳፍ ያህል ውፍረት ያለው፣ ለመቶ የአውራ ጣት ያህል፣ ለሃያ የትንሿ ጣት ያህል ይቆረጣል። ከዚያ እንጨቱ በርዝመቱ ለሁለት ይሰነጠቅና አንዱን ግምጃ ቤቱ፣ ሌላውን ከፋዩ ይይዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ሁለቱ ግማሾች ሲገጣጠሙ የተቆረጡት ምልክቶች ልክ ካልመጡ አንዱ ወገን አጭበርብሯል ማለት ነው። ይህ አሠራር በ1826 እ.ኤ.አ. ቀረ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ የተከማቹት አሮጌ እንጨቶች በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ሥር ባሉ ምድጃዎች ሲቃጠሉ እሳቱ ከቁጥጥር ወጥቶ ጥቅምት 16 ቀን 1834 እ.ኤ.አ. የፓርላማውን ሕንፃ አብዛኛውን ክፍል አወደመው።

ሁለት መዝገብ አስቀምጦ አንዱን በሌላው ማመሳከር ስርቆትን የሚገታ ዘዴ ነው። በማመሳከር የሚገኘውም ያው መግታት ስለሆነ፣ የመግታቱ ቃል ቀስ በቀስ ለማመሳከሩ ተሰጠ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ቼክ ማድረግ አንድን ነገር ከሌላ ማስረጃ ጋር አስተያይቶ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ ማለት ሆኗል። ኮንትሮል የሚለው ቃልም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ መነሻው በፈረንሳይኛ ለማመሳከሪያ የሚያዝ ሁለተኛ መዝገብ ነበር፣ ዛሬ ግን መቆጣጠር ማለት ነው። ሂሳብ መርማሪው ያመሳከረውን እያንዳንዱን መስመር በምልክት ስለሚያልፍ አሜሪካውያን ምልክቱንም ቼክ አሉት። እንግሊዞች ቲክ ይሉታል፤ የኢትዮጵያ ተማሪ ደግሞ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሲያገኘው ራይት ይለዋል።

የባንኩ ቼክ የመጣው ከዚሁ ማመሳከር ነው። ወረቀቱ ከስሙ በዕድሜ ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር የቆዩ የክፍያ ማዘዣዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ይገኛሉ፤ ቼክ ግን አይባሉም ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቼክ የተባለው ማዘዣው ራሱ ሳይሆን ማዘዣው ተቀድዶ ሲወጣ ከጥራዙ ጋር የሚቀረው ጉርድ ነው። አንድ ሰው ገንዘቡን ሲጠይቅ የያዘው ወረቀት ከቀሪው ጉርድ ጋር ይመሳከራል፤ ጉርዱ አጭበርባሪን የሚያስቆም ስለሆነ ቼክ ተባለ። እየቆየ ስሙ ከጉርዱ ወደ ዋናው ወረቀት ተላለፈ። እንግሊዞች ከኤክስቼከር ጋር አያይዘው ለባንኩ ወረቀት የተለየ አጻጻፍ አበጁለት፣ አሜሪካውያን ግን ከሌሎቹ ትርጉሞች ሳይለዩ በአንድ አጻጻፍ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ፈረንሳዮች የእንግሊዞቹን አጻጻፍ ተከትለው ቃሉን መልሰው ተበደሩት፤ በኤስቼክ መልክ ከእነሱ ወጥቶ የባንክ ወረቀት ሆኖ ወደ እነሱ ገባ።

ቼክ «ሰክ» ከሚለው የአረብኛ ቃል የመጣ ነው የሚል ነገርም በብዙ ቦታ ይነበባል። በአባሲድ ዘመን የነበሩ ነጋዴዎች ሰክ በሚባል የጽሑፍ ማዘዣ ገንዘብ ያስተላልፉ እንደነበር እውነት ነው፣ የድምፁም ቅርበት ያሳስታል። ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው ቃል መጀመሪያ የጉርዱ ስም የነበረ መሆኑ ይህን አባባል ይጥለዋል፤ ከማዘዣው ስም የተወሰደ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ጉርዱን ባልጠራ ነበር። ቼክ የሚባለው የማዕከላዊ አውሮፓ ሕዝብ ስምም በእንግሊዝኛ ድምፁ አንድ ከመሆኑ በቀር ከዚህ ቃል ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ወደ አማርኛ የገባው ቼክ በዋናነት ይኸው የባንኩ ቼክ ነው፤ ሕጋችንም ተቀብሎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚናገረው በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ ስለማውጣት ነው። በሒሳቡ ውስጥ መገኘት ያለበትን ገንዘብ ስንቅ ያለው የሕግ አርቃቂ ቃል መራጭ ነበር፤ መንገድ የሚወጣ ሰው ስንቅ እንደሚይዝ ቼኩም የሚያደርሰው ይፈልጋል። በገበያው ቋንቋ እንዲህ ያለው ቼክ ደረቅ ቼክ ነው።

በአሜሪካ ምድር ቃሉ ከጉርዱ ሐሳብ ተነስቶ እንደ ሐረግ ተክል ተዘረጋ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባቡር ድርጅቶች በሻንጣው ላይ ቁጥር ያለበት የነሐስ ምልክት አንጠልጥለው አምሳያውን ለመንገደኛው ይሰጡ ነበር፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሲገጥሙ ሻንጣው ይወጣል። ሻንጣ ቼክ ማድረግ የተባለው ከዚህ ነው፤ ፍተሻን እንጂ ማስረከብን የማያስታውሰው አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትበትም ነው። የካፖርት ማስቀመጫው ቼክም፣ የምግብ ቤቱ ሂሳብም የዚሁ የወረቀት ምልክት ዘመዶች ናቸው። ሬይን ቼክ ከቤዝቦል ሜዳ የመጣ ነው፤ በ1880ዎቹ ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ተመልካቹ በሌላ ቀን እንዲገባ የሚሰጠው ቲኬት ነበር። አሁን ምሳ የተጋበዘ አሜሪካዊ ሬይን ቼክ እወስዳለሁ ካለ ግብዣውን ለሌላ ጊዜ በትሕትና ማስተላለፉ ነው፤ ወረቀት ይጠብቃል ማለት አይደለም። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደሞዝን ቼክ ሲሉ የባንኩን ትርጉም ይዘው ነው፤ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ሒሳብ መግባት ከጀመረና ወረቀቱ ከቀረ በኋላም ስሙ አልቀረም።

የመግታቱ ትርጉም አሁንም ሕያው መሆኑ በይበልጥ የሚታየው በአሜሪካ የሕገ መንግሥት ቋንቋ ነው። ቼክስ ኤንድ ባላንስስ የሚባለው መርሕ ብዙ ጊዜ በአማርኛ የእርስ በርስ ቁጥጥርና ሚዛን ተብሎ ይተረጎማል። ትርጉሙ መጥፎ አይደለም፣ ግን ቁጥጥር ሲባል አንባቢው ኢንስፔክተር ያስባል፤ በ1787 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ያሰቡት ግን ልጓም ነበር። ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቶቹ ያጸደቁትን ሕግ አልፈርምም ሲል ሕጉን እየመረመረ ሳይሆን እያስቆመ ነው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲሽሩትም ፕሬዚዳንቱን መግታታቸው ነው። በበረዶ ሆኪ ተከላካዩ አጥቂውን በትከሻው ገፍቶ ሲያቆመው ቼክ የሚባለውም በዚህ ትርጉም ነው።

እንግሊዝኛ ጽሑፍ ለሚተረጉም ሰው ሁለቱን ትርጉሞች የሚለይበት ቀላል ምልክት አለ፤ ከግሡ በኋላ የሚመጣውን ነገር ማየት ነው። በራሱ የሚያድግ፣ የሚስፋፋ ወይም የሚገሰግስ ነገር፣ እንደ እሳት፣ ወረርሽኝ፣ የዋጋ ንረት፣ ቁጣ ወይም የጠላት ጦር ከሆነ ቼክ መግታት ነው። ሰነድ፣ ቁጥር፣ በር፣ የመኪና ዘይት ወይም የአንድ ሰው ቃል ከሆነ ማረጋገጥ ነው። ቁጣህን ቼክ አድርግ ሲባል ተቆጥቼ እንደሆነ ልይ ብሎ የሚያስብ ተርጓሚ ይሳሳታል፤ የተባለው ዋጠው ነው። ዶክተሩ የደም ግፊትህን ቼክ አደረገ ሲል ግን ግፊቱ ተለካ እንጂ ወረደ ማለት አይደለም፤ ወርዶ በዚያው እንዲቆይ ተደርጎ ከሆነ እንግሊዞቹ «ኢን» የምትለውን ቃል ጨምረው በቼክ ውስጥ ተያዘ ይላሉ።